«ለዚች ደሳሳ ጎጆ ነው ትኬት የተቆረጠው?» ልጆች ይዞ ፎርትላንዲያ የመሄድ ሙሉ መመሪያ

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ በከረመችበት ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እሷንም ሁለቱን ልጆቼንም መኪና ውስጥ አስገብቼ በቴክሳስ፣ ኦስቲን ደቡብ ምዕራብ ወዳለው የሌዲ በርድ ጆንሰን የዱር አበባ ማዕከል ነዳሁ። ትኬት አሳይተን ገባን። ተራመድን፣ ተራመድን። ዛፎቹ መሃል ስንደርስ ከእንጨት ርብራብ የተሠራ አንድ ጎጆ ፊት ቆመች። ዞር ዞር ብላ አየችው። ከዛ ልጆቹ እንዳይሰሙ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለዚች ደሳሳ ጎጆ ነው ትኬት የተቆረጠው?» አለችኝ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ እንሂድ እያልኩ የምጨቀጭቀው እኔ ነበርኩ። አልነሳም ያለችው እሷ። በመሃል ምን እንደተፈጠረ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ጉዞውን እናስተካክል፤ ምክንያቱም እዛ ሄደው «ምኑ ነው ደስ የሚለው?» ብለው የተመለሱ ሀበሾች አውቃለሁ። ልጆቻቸውም እያለቀሱ ነው የወጡት። ጥፋቱ የቦታው አይደለም። እንደ ሙዚየም ከጎጆ ጎጆ እየዞሩ፣ ፎቶ እያነሱ፣ «በቃ አየነው፣ ቀጥሎ» እያሉ በአርባ ደቂቃ ስለጨረሱት ነው። ጎጆ ይገባበታል እንጂ ቆሞ አይታይም።

ነገሩ ምንድን ነው?

ፎርትላንዲያ በ2018 የተጀመረ ወቅታዊ ዝግጅት ነው። በፈረንጆቹ ኦክቶበር ገደማ ይከፈትና ክረምታቸው እስኪጋመስ፣ ጃንዋሪ መጨረሻ አካባቢ ድረስ ይቆያል። ፎርት ሲሉ የጦር ምሽግ እንዳይመስላችሁ። ልጆች በብርድ ልብስና በወንበር የሚሠሩት መደበቂያ ነው። እኛ እቃ እቃ ስንጫወት በባህር ዛፍ ቅጠልና በካርቶን የምንቀልሳት ጎጆ ማለት ናት። እዚህ ግን የሚቀልሱት የከተማው አርክቴክቶች፣ ሠዓሊዎችና አናጺዎች ናቸው፤ ቴክሳስ አርቦሬተም በሚባል 16 ኤከር የዛፍ ግቢ ውስጥ በትልልቅ ኦክ ዛፎች መሃል ይተክሏቸዋል። መልካቸው በየዓመቱ ይለያያል። የሚወጣበት፣ የሚሾለክበት፣ በቀዳዳ አጮልቆ የሚታይበት ግን አይጠፋም።

ማዕከሉን በ1982 የመሠረቱት ሌዲ በርድ ጆንሰንና ተዋናይቷ ሄለን ሄይስ ናቸው። አሁን ያለበት ቦታ የመጣው በ1995 ነው፣ ከ2006 ጀምሮ ደግሞ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ይሄን መኪና ውስጥ ስናወራ እናቴ «ጆንሰን? ጃንሆይን የተቀበለው?» አለች። አዎ፣ እሱው። ጃንሆይ በየካቲት 1959 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1967፣ ዋሽንግተን ሲሄዱ የተቀበሏቸው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ናቸው፣ ሌዲ በርድ ባለቤታቸው። ከዛ ወዲህ ቦታው ለእናቴ የዘመድ ቤት ሆነ።

መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ

ትልቁ ውሳኔ ይሄ ነው፣ ሌላው ይደርሳል።

ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ሄዳችሁ ከሆነ የቴክሳስ ሙቀት ገና አለቀቀም። እኔ የምወደው ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ታንክስጊቪንግ ያለውን ጊዜ ነው። አየሩ ለስለስ ይላል፣ ልጆች ሲሮጡ ፊታቸው አይቀላም። ኦክቶበር ላይ ወደ ሜክሲኮ የሚፈልሱ ሞናርክ ቢራቢሮዎች በቴክሳስ ያልፋሉ፤ ዕድለኛ ከሆናችሁ አበባዎቹ ላይ ብርቱካንማ ክንፋቸውን ታያላችሁ።

ዲሴምበርና ጃንዋሪ ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ሲዳር ፊቨር ይሉታል። ኦስቲን ስትገቡ ሰው ሁሉ የሚያስነጥሰው በሱ ነው። ትኩሳት ተባለ እንጂ አለርጂ ነው፤ የሚያመጣው አሽ ጁኒፐር የሚባል ዛፍ ከዲሴምበር እስከ ፌብሯሪ የሚረጨው ዱቄት ነው። ዛፉ የኛ የሐበሻ ጥድ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ስታዩት ቅጠሉ ራሱ ይነግራችኋል። ልጃችሁ አስም ወይም ከባድ አለርጂ ካለው ከዲሴምበር በፊት ሂዱ። ግድ ጃንዋሪ ከሆነባችሁ መድኃኒቱን አስቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ፣ ነፋሻ ቀን አትምረጡ፣ ቤት ስትገቡ ደግሞ ልብሱን አውልቃችሁ ፀጉሩን እጠቡት። ትራስ ላይ ይዞት ከተኛ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስነጥስ ታድራላችሁ።

ሌላ አንድ ነገር። «የአበባ ማዕከል» ስለተባለ ብሉቦኔት የሚባለው ሰማያዊ አበባ የሞላው ሜዳ ለማየት አስባችሁ ከሆነ ያ የማርች መጨረሻና የኤፕሪል ወሬ ነው። በጎጆዎቹ ወቅት ያ የአበባ ምንጣፍ የለም። ግን ልጆቹን መሬት መሬት እንዲያዩ ንገሯቸው። ብሉቦኔት ክረምታቸው ሳይገባ በቅሎ፣ መሬት ላይ ተዘርግቶ ነው የሚከርመው። እንደ ጣት የተዘረጋ ቅጠል ያላት ትንሽ አረንጓዴ ክብ ካዩ እሷ ናት። ልጄ «ተኝታለች» ብሎ ለሁሉም መንገደኛ ያሳይ ነበር።

ከሳምንቱ ቀን የሥራ ቀን ከቻላችሁ እሰዬው። ካልቻላችሁ ቅዳሜ ወይም እሁድ ጠዋት በሩ ሲከፈት። እሁድ ቅዳሴ ውላችሁ ከሰዓት የምትሄዱ ከሆነ ሕዝቡ መሃል ነው የምትገቡት፣ በዛ ላይ ልጆቹ ደክመዋል። ቅዳሜ ይሻላችኋል።

ትኬት

ማዕከሉ ድረገፅ ላይ ግቡና ሦስት ነገር አረጋግጡ፦ የዘንድሮ ዝግጅት የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቀን፣ የመግቢያ ሰዓት፣ የዕድሜ ዋጋ። ሦስቱም ይለዋወጣሉ። ጎጆዎቹ በተራው የመግቢያ ትኬት ውስጥ ናቸው፣ ለብቻ አይከፈልም። ኦስቲን የምትኖሩና በዓመት ሁለት ሦስቴ የምትመለሱ ከሆነ የቤተሰብ አባልነቱን ዋጋ ከትኬቱ ጋር አስልታችሁ እዩት። እኛ አስልተን ነው የገባንበት፤ ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ ገንዘቡ አይደለም። ልጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ «እንሂድ» ቢል እንኳ «ከፍዬበታለሁ!» ብላችሁ አትቆጡም። ሌላ ከተማ ያለ የእፅዋት ማዕከል አባል ከሆናችሁም ካርዳችሁ እዚህ ይሠራ እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ከዳላስም ከሂውስተንም ሦስት ሰዓት ገደማ ይነዳል። ከዳላስ የምትመጡ ሀይዌይ 35 ላይ ያለውን መጨናነቅ ታውቁታላችሁ፤ ጎህ ሳይቀድ ውጡ ወይም አንድ ሌሊት እዚህ እደሩ። ስድስት ሰዓት መኪና ውስጥ ለሦስት ሰዓት ጨዋታ፣ ልጅ ቀርቶ አዋቂ አይችለውም። ኦስቲን ውስጥ ደግሞ ሞፓክ የሚሉትን መንገድ ወደ ደቡብ ይዛችሁ ላ ክሮስ አቬኑ ላይ መውጣት ነው።

ልብስና ቦርሳ

የዘነጠ ልብስ ቤት ይቅር። እውነቴን ነው። ነጭ ጫማ አድርጋ የመጣች ልጅ ቀኑን ሙሉ «እንዳይቆሽሽ» ስትባል አይቻለሁ፣ አንጀቴን ነው የበላችው። ጣቱ የተሸፈነ፣ የማያንሸራትት ስኒከር። ጉልበቱ ቢቀደድ የማታዝኑበት ሱሪ። ከላይ ደራርቡ፣ ምክንያቱም የቴክሳስ ክረምት እንደ ሰው ፀባይ ነው፤ ጠዋት በጃኬት ትገባላችሁ፣ ቀትር ላይ በቲሸርት ትሆናላችሁ፣ ኖርዘር የሚሉት የሰሜን ነፋስ ድንገት ከመጣ ደግሞ በአንድ ከሰዓት ውስጥ ጥርስ ያንገጫግጫል። ልጆቹን ደማቅ ቀለም አልብሷቸው። ዛፍ መሃል ግራጫ ሹራብ ያደረገ ልጅ ከእንጨት አይለይም።

ቦርሳ ውስጥ የኔ ዝርዝር እንዲህ ነው፦ ውሃ በየልጁ፣ ዋይፕስ፣ ፕላስተር፣ ለያንዳንዱ ቅያሪ ካልሲና ሱሪ፣ የቆሸሸውን የምትከቱበት ፌስታል፣ ሰንስክሪን፣ እና አንድ ያረጀ ነጠላ። ነጠላው መቀመጫ ነው፣ ጥላ ነው፣ ፎጣ ነው፣ ለተኛ ሕፃን ብርድ ልብስ ነው። አሻንጉሊት አትያዙ። እቃ ከያዙ እቃውን ነው የሚጠብቁት፣ አይጫወቱም።

ምግብ ላይ አንድ ነገር ልበል። ወቅቱ ከነቢያት ጾም ጋር ይገጥማል፤ ከህዳር 15 እስከ ገና ማለት ነው። ግቢው ውስጥ ካፌ አለ፣ ግን ለጾመኛ የሚሆን ነገር ፍለጋ ከልጅ ጋር ሰልፍ መቆም አያዋጣም። እኛ ድፎ ዳቦ ቆርሰን፣ ሙዝና በለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ይዘን ነው የምንሄደው። ፍርፍር አንዴ ሞክሬ መኪናው ለሳምንት በርበሬ በርበሬ ሲል ከረመ። ቆሎ ለትልልቆቹ እንጂ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ፣ እየሮጠ ያንቀዋል። የት ተቀምጦ መብላት እንደሚቻል ደግሞ በር ላይ ጠይቁ፣ ጎጆዎቹ ውስጥ አትብሉ። ፍርፋሪ ጉንዳን ይጠራል፣ የዚህ አገር ጉንዳን ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

ፋየር አንት ይባላል። ትንሽ ቀይ ጉንዳን ነው። ቤቱ ሣር መሃል የተቆለለ ለስላሳ አፈር ይመስላል፣ ልጅ ደግሞ እንደዚህ ዓይነት አፈር ሲያይ እግሩን ካላሳረፈበት አይሆንለትም። ከመግባታችሁ በፊት ቤቱን አሳዩዋቸውና «እዚህ አይረገጥም» በሏቸው። ጉንዳኑ ልጁ ላይ ከወጣበት ቶሎ ከቦታው አንስታችሁ በእጃችሁ ወይም በጨርቅ ጠንከር አድርጋችሁ ጥረጉለት፣ ውሃ ማፍሰስ ብቻውን አያላቅቀውም። በሳሙና እጠቡት፣ ቀዝቃዛ ነገር ያዙበት፣ የሚወጣውን ነጭ እብጠት አታፍርጡት። ፊቱ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካቃተው ወዲያው 911።

እዛ ስትደርሱ

ፓርኪንጉ ላይ ፎቶ አንሷቸው፤ ለማስታወሻ ብቻ አይደለም፣ ልጅ ቢጠፋ የለበሰውን ወዲያው ለማሳየት ነው። ስልክ ቁጥራችሁን ክንዱ ላይ በብዕር ጻፉ። መገናኛ ቦታ ቁረጡ።

ከዛ ሽንት ቤት። ሁሉም። «አልመጣብኝም» የሚለውም። አርቦሬተሙ ከዋናው ግቢ ራቅ ይላል፣ የኔ ወንድ ልጅ ደግሞ መጨረሻው ጎጆ ጋ ሳይደርስ መጥቶበት አያውቅም።

የልጅ ጋሪ ይዛችሁ ግቡ፣ አራት ዓመት ላለፈውም ጭምር። ሲመለስ ያስፈልገዋል።

ጎጆዎቹ ጋ

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ነው፣ አትቸኩሉ።

ጉዟችሁን በአንድ ዙር ጀምሩ። ሳትገቡ፣ ዝም ብላችሁ በመንገዱ ሁሉንም እየተመለከታችሁ እለፉ። ልጆቹ መግባት ይፈልጋሉ፣ «መጀመሪያ እንምረጥ» በሏቸው። ዙሩ ሲያልቅ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ጎጆ ይመርጣል፤ ሦስተኛውን ቤተሰቡ። ሦስት ይበቃል። ሁሉንም እንጨርስ ያለ ቤተሰብ ምንም ሳይጫወት ነው የሚወጣው።

የተመረጠው ጎጆ ጋ ስትደርሱ ሰሌዳውን አንብቡ። የት ይወጣል፣ የት አይወጣም የሚለው እዛ አለ። ፎቶውን በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃ ውስጥ ጨርሱና ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። ከዛ ሃያ ደቂቃ ስጧቸው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃ መውጣትና መውረድ ብቻ ናቸው፣ «ሰለቻቸው» ብላችሁ ታስባላችሁ። አትንቀሳቀሱ። ጨዋታው የሚመጣው ከዛ በኋላ ነው። አንዱ በር ጠባቂ ይሆናል፣ አንዷ ሱቅ ትከፍታለች፣ ስሟን የማያውቋት ልጅ ትጨመራለች።

የኔ ልጅ ያን ቀን የከፈተችው ቡና ቤት ነው። የኦክ ፍሬ አይታችሁ ከሆነ ትንሽ ቆብ አላት። ፍሬዋ ስትወድቅ ቆቧ ትለያለች፣ ስትገለብጧት ደግሞ ሲኒ ናት። እጀታ የሌላት፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል ሲኒ። ልጄ ስድስት ሲኒ ለቀመች፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ደረደረች፣ በሌለ ጀበና ከላይ ወደ ታች ረዘም አድርጋ ቀዳች። አንዱን በሁለት እጇ ይዛ ለእናቴ ዘረጋች። እናቴ ቆማ ነበር። ሲኒዋን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ ከዛ ጎንበስ ብላ በዛች ደሳሳ ጎጆ በር ገባችና ቁጭ አለች። ጠጣች። «አቦል ነው?» አለቻት። ልጄ አቦል ምን እንደሆነ አታውቅም ነበር። ተማረች። ቶናውም መጣ። በረካ ሳይጠጣ ደግሞ እንደማይኬድ እናንተም ታውቃላችሁ። እኔ ውጭ ቆሜ ሰዓት የማየው ሴትዮ ሆንኩ። (ሲኒዎቹን እዛው ትተን ወጣን። ፍሬም ቅጠልም ይዞ መውጣት ለግቢው ጥሩ አይደለም፣ ልጆቹን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።)

ስለዚህ ግቡ። ጉልበታችሁ የሚፈቅድ ከሆነ ጎንበስ በሉና ግቡ። ልጁ ምን እየተጫወተ እንደሆነ አትጠይቁት፣ «ምንድን ነው የምታዙኝ?» በሉት።

ጎጆው ከሞላ ከልጅ ጋር ሆናችሁ ዳር ቆማችሁ ጠብቁ፤ ብዙም ሳይቆይ ይለቃል። ትልልቅ ልጆች ከተቆጣጠሩት ለትንሿ መንገድ እንዲሰጡ በደግ ቃል ንገሯቸው፣ አብዛኞቹ እሺ ይላሉ። ወላጁን ከመጥራት ይሻላል። ሁለት ሦስት ዓመት ያለው ልጅ ከሆነ ከፍ ያሉትን እርሷቸው፤ መሬት ላይ ያለ መሿለኪያ ለሱ ዓለም ነው። ዓይን አፋር ልጅ ደግሞ አትግፉት። አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ ራሱ ሲፈልግ ይገባል።

ከጎጆዎቹ መሃል ስትወጡ ትልልቆቹ ኦኮች ላይ የተሰቀሉ ዥዋዥዌዎች አሉ። አዋቂም ይቀመጥባቸዋል። እዛ ጋ አሥር ደቂቃ መተንፈስ ነው፣ ውሃም የሚጠጣው ያኔ ነው።

ጉልበት ከተረፈ

ሉሲና ኢያን የቤተሰብ ግቢ የሚባል በ2014 የተከፈተ 4 ኤከር ተኩል የልጆች ቦታ አለ። ስሙ ከጆንሰን ልጅ ከሉሲና ከባለቤቷ ነው። የዳይኖሰር ዱካ ያለበት ጅረት፣ ሰው የሚይዙ የወፍ ጎጆዎች፣ ፏፏቴ ያለው ዋሻ፣ ልጅ መውጫውን የሚፈልግበት በቁጥቋጦ የታጠረ ጠመዝማዛ መንገድ አለው። ቅያሪ ካልሲውና ሱሪው የሚወጡት እዚህ ነው። ጅረቱን ያየ ልጅ ደርቆ አይወጣም፣ በከንቱ አትከራከሩ። እኔ ግን ይሄን ሁልጊዜ ወደ ኋላ ነው የማደርገው፤ እዚህ ከጀመራችሁ ልጁ ጎጆዎቹን ረስቶ ይቀራል። ማዕከሉ ውስጥ ያለው የመመልከቻ ግንብ ላይ መውጣት የሚፈልግ ካለ ሳይደክመው በፊት ይውጣ።

ለመውጣት ማስጠንቀቂያ ስጡ፦ «ሁለት ጊዜ ወጥተህ ወርደህ እንሄዳለን» በሉት። በደቂቃ አትንገሩት፣ ደቂቃ አያውቅም። ከሦስት ሰዓት በላይ አትቆዩ። ልጁ «ትንሽ ልቆይ» እያለ መውጣት፣ ተኝቶ ተሸክማችሁት ከመውጣት ይሻላል።

ቤት ስትገቡ ደግሞ

ማታውኑ ወይም በማግስቱ ይጠይቃሉ፣ ተዘጋጁ። አፓርታማ ውስጥ አራት ወንበር ጀርባ ለጀርባ፣ ከላይ ጋቢ። ብርድ ልብስ ይከብድና ይወድቃል፣ ጋቢ ግን ይለጠጣል፣ ብርሃንም ያስገባል። የኔ ልጅ እናቴን በሩ ላይ አስቁሞ «እማማ፣ ትኬት!» አላት። አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ከፍላ ገባች። የጋቢውን ጫፍ ወንበሩ ላይ ለማያያዝ የልብስ መስጫ ቆንጣጭ ከሌላችሁ የፀጉር መያዣ ይበቃል፣ በየጥጉ ሁለት ሁለት አድርጉ።